አሉሚኒየምና ፕላስቲክ የተደራረበበት ላሜራ በሙቀት ሲቀረጽ ለምን ይጨማደዳል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«ሰላም መሐንዲስ፣ እንደምን አሉ? የምሰራው የኤሌክትሪክ ባጃጅ መገጣጠሚያ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። የባትሪ ሳጥን ክዳን ከብረት ላሜራ ቀለል ባለ ነገር ለመስራት እየሞከርን ነው። ሁለት ባለ 0.5 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ወስደን በመሃላቸው 1 ሚሊሜትር የሚሆን፣ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ያለበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ እናስገባለን። መጀመሪያ ጠፍጣፋውን እናጣብቀዋለን። ከዚያ በሂት ገን (ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ) አሙቀን ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ በ20 ቶን ፕሬስ እንጫነዋለን። ክዳኑ 40 በ30 ሴንቲሜትር ነው፤ ጥልቀቱ 4 ሴንቲሜትር። ማእዘኖቹ ይጨማደዳሉ፣ ውስጡ ያለው ጨርቅ ይቀደዳል፣ ጠርዙ ይላቀቃል። ከሞልድ ሲወጣም ይጣመማል። በሌዘር ቴርሞሜትር ስለካው አንዴ 90፣ አንዴ 140 ይላል። ስንት ዲግሪ ላድርሰው?»

ሰላም ወንድሜ። ቁጥሩን አስቀድሜ ልንገርህ። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው 165 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የመሃሉን ንብርብር ከ185 እስከ 200 ዲግሪ አድርሰው። ከ220 አታሳልፈው። ከዚያ በላይ አየር ላይ ከቆየ ፕላስቲኩ መጎዳት ይጀምራል። ጠርዙ ቡናማ ይሆናል፣ ይሸታል።

ግን ሙቀቱን ብቻ አስተካክለህ ክዳኑ አይወጣልህም። እንዲህ ያለ ላሜራ ሳይበላሽ ቅርጽ የሚይዘው ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ሲችሉ ነው። የሚንሸራተቱት ደግሞ ፕላስቲኩ ቀልጦ እስካለ ድረስ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለተበላሸ ክዳን ሁለት ነገር ጠይቅ። ቅርጹ ያለቀው ፕላስቲኩ ሳይረጋ ነው ወይ? ሲረጋስ ግፊት ላይ ነበር ወይ? የነገርከኝ ችግር አብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ የመጣ ነው።

በመጀመሪያ ቴርሞሜትሩ። በሌዘር ጠቁመን የምንለካበት መሣሪያ የሚያየው ከዕቃው የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ጥቁር ወይም ቀለም የተቀባ ነገር ላይ ጥሩ ይሰራል። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ግን ጨረር በጣም ትንሽ ነው የሚያወጣው፤ ይልቁንም የአካባቢውን ጨረር እንደ መስታወት ይመልሳል። ስለዚህ መሣሪያው ከእውነተኛው ሙቀት እጅግ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጥሃል። 90 ሲልህ ላሜራው 170 ሊሆን ይችላል። አንዴ 90፣ አንዴ 140 ማለቱም አይግረምህ። አንዱ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ፣ ሌላው የሚያብረቀርቅ ከሆነ በአንድ ሙቀት ላይ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። መፍትሄው ርካሽ ነው። ከላሜራው ጥግ ላይ፣ በኋላ ተቆርጦ በሚጣለው በኩል፣ ሙቀት የሚችል ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ቀብተህ እዚያ ላይ ለካ። ከዚህም የሚሻለው ሙቀት የሚለካ ቀጭን የቴርሞካፕል ሽቦ በንብርብሮቹ መሃል አስገብቶ ማሞቅ ነው። አንድ ሙከራ ላይ ብታደርገው ይበቃል። መሃሉ 190 ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ ታውቃለህ፣ ከዚያ በኋላ በሰዓት ትሰራለህ።

ሂት ገኑን ግን ተወው። አንድ ቦታ ያቃጥላል፣ አጠገቡ ያለው ገና ሳይቀልጥ። የኢንፍራሬድ መብራትም አልመክርህም። አሉሚኒየም በሌዘር ቴርሞሜትሩ ላይ የሚያሳስተው ያው ባሕርይ እዚህም ይመጣል፤ ከመብራቱ የሚመጣውን ጨረር አብዛኛውን ይመልሰዋል። ላንተ የሚሆንህ ወይ ፋን ያለው ኦቨን ነው፣ ወይ ከላይና ከታች የሚሞቁ ሁለት ወፍራም የብረት ሰሌዳዎች። አሮጌ የዳቦ ቤት ኦቨን ካገኘህ በጣም ጥሩ ነው። ምግብ ግን ዳግመኛ እንዳይገባበት።

አሁን ወደ ማእዘኖቹ እንምጣ። ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

ክዳንህ 30 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። በሁለት በኩል 4 ሴንቲሜትር ግድግዳ ይወርዳል። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በላዩ ላይ ብትለካው 38 ሴንቲሜትር ይሆናል። ጠፍጣፋው ላሜራ ጠርዙ ተይዞ፣ ካለበት ሳይንቀሳቀስ ይህን ቅርጽ ይያዝ ብትለው 27 በመቶ መለጠጥ አለበት። ለስላሳ የሆነ አሉሚኒየም 20 በመቶ ገደማ ሊለጠጥ ይችላል። የመስታወት ክር (ፋይበር ግላስ) ያለበት ንብርብር ግን ከ2 ወይም 3 በመቶ በኋላ ይበጠሳል። ማሞቅ ይህን አይቀይረውም። በ200 ዲግሪ የሚቀልጠው ፕላስቲኩ ነው፤ ክሩ እንደነበረ ነው። ጨርቁ የተቀደደብህ ለዚህ ነው።

ክሩ የማይለጠጥ ከሆነ ቅርጹ እንዴት ይወጣል? ጨርቁ ከዳር ወደ ውስጥ መጎተት አለበት። ማእዘን ላይ ሲደርስ ደግሞ የሽመናው አራት ማእዘኖች ይንጋደዳሉ፤ ድርና ማጉ በመካከላቸው ያለውን አንግል ይቀይራሉ። ነጠላህን ከሁለት ተቃራኒ ጫፎቹ ይዘህ በሰያፍ ብትስበው የምታየው ነገር ነው። ይህ መንጋደድ ወሰን አለው። ክሮቹ ተጠጋግተው መላወሻ ሲያጡ ጨርቁ ይታጠፋል፣ ይጨማደዳል። አሉሚኒየሙ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። እሱ ይለጠጣል፣ ማእዘን ላይም ወደ ጎን ይጨመቃል። ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ መሄድ የሚችሉት በመካከላቸው ያለው ፕላስቲክ እንደ ቅባት ሲያገለግላቸው ነው። ከረጋ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ጨርቁ አሉሚኒየሙን ይቀድደዋል፣ ወይም አሉሚኒየሙ ጨርቁን፣ ወይም ማጣበቂያው ይለቃል።

አንተ ላይ ስንት ጊዜ ውስጥ ነው የሚረጋው? በግምት ላስላልህ። 2 ሚሊሜትር የሆነው ንብርብርህ ከኦቨን ወጥቶ አየር ላይ ሲቆይ በሰከንድ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እሱ ብዙም አያስጨንቅም፤ ከኦቨን ወደ ፕሬስ በ10 ሰከንድ ካደረስከው ደህና ነው። ቀዝቃዛ የብረት ሞልድ ሲነካ ግን አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ወዲያው ያስተላልፋል። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ፕላስቲኩ ወደሚረጋበት፣ ከ130 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የወርክሾፕ ሃይድሮሊክ ፕሬስ 4 ሴንቲሜትር ለመውረድ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሞልድህ ገና ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ላሜራው ረግቷል። የቀረውን ግማሽ እየቀደድክና እያላቀቅክ ነው የምትጨርሰው።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ቅደም ተከተሉን እቀይረዋለሁ። መጀመሪያ ጠፍጣፋውን ማጣበቁ ይቅር። ሁለቱን የአሉሚኒየም ላሜራዎች ለየብቻቸው፣ ምንም ፕላስቲክ ሳይኖር፣ ሞልዱ ላይ ቅርጽ አስይዛቸው። የውስጠኛው ከውጪኛው በውፍረቱ ልክ አነስ እንዲል ሞልዱ ላይ ማካካሻ ላሜራ አስገባ። ከዚያ ጨርቁን በመሃላቸው ዘርግተህ ሁሉንም በአንድነት አሙቀህ ጫናቸው። በዚህ መንገድ ብረቱ ቅርጹን የሚይዘው ለብቻው ነው። ጨርቁም የሚንጋደደው ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ነው።

አውሮፕላን ሰሪዎቹም ከተጣበቀ በኋላ ጥልቅ ቅርጽ አያወጡም። ኔዘርላንድስ ውስጥ በዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተሰራው ግሌር የተባለው ንብርብር የኤርባስ ኤ380ን የላይኛውን አካል በከፊል ሸፍኗል። ቀጫጭን አሉሚኒየምና የመስታወት ክር ነው። ማጣበቂያው ግን ኢፖክሲ ነው፤ አንዴ በ120 ዲግሪ ከደረቀ ተመልሶ አይቀልጥም። ስለዚህ ቀጫጭኖቹን ላሜራዎች ጎበጥ ያለው ሞልድ ላይ አንድ በአንድ ይደረድሩና እዚያው ያጣብቋቸዋል። ያንተ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ተመልሶ መቅለጥ ይችላል። በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ መሥራት የሚቻለውም ለዚህ ነው። ያን ጥቅም ግን በቀዝቃዛ ሞልድ አታባክነው።

ሞልዱስ ስንት ዲግሪ ይሁን? በወር ጥቂት ክዳን ከሆነ የምትሰራው ዘገምተኛውን መንገድ ምረጥ። ሞልዱን ራሱን በማሞቂያ ዘንግ 190 አድርሰው፣ ንብርብሩን አስገብተህ ዝጋ፣ ጫን፣ ጥቂት ደቂቃ አቆየው። ከዚያ ግፊቱን ሳትለቅ በአየር ወይም በሞልዱ ውስጥ በሚዞር ውሃ ወደ 80 ዲግሪ አውርደው። አንዱ ክዳን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ መብራትም ይበላል። ግን ይወጣልሃል። ብዙ መስራት ስትጀምር ንብርብሩን ውጪ አሙቀህ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ በሞቀ ሞልድ በፍጥነት መጫን ትችላለህ። ለዚያ ፈጣን ፕሬስ ያስፈልግሃል።

የአሉሚኒየሙን ዓይነትም ተመልከት። ለጣሪያና ለኮርኒስ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ደንዳና ነው፤ ማእዘን ላይ ይሰነጠቃል። 5052 ወይም 5754 የሚባለውን፣ «ኦ» ተብሎ በሚጠራው ለስላሳ ሁኔታ ላይ ያለውን ፈልግ። ካላገኘህ ደንዳናውን እራስህ አለስልሰው። ደረቅ ሳሙና ላዩ ላይ አሽ፣ ከጀርባ በእሳት አሙቀው፣ የሳሙናው ምልክት ሲጠቁር አቁም። የድሮ የላሜራ ሠራተኞች ዘዴ ነው፤ ይሰራል። ይህ ሁሉ ከማጽዳቱና ከማጣበቁ በፊት መሆን አለበት።

የክዳኑንም ንድፍ ትንሽ አላላው። 4 ሴንቲሜትር የግድ ካልሆነ 2.5 አድርገው። ማእዘኖቹን ከላይ ስታያቸው ሰፊ ቅስት ይኑራቸው፤ ከ4 ሴንቲሜትር ሬዲየስ በታች አትውረድ። ጨርቁን ማእዘን ላይ ሰንጥቀህ ማደራረብም ትችላለህ። እዚያ ቦታ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ለክዳን ግን ይበቃል። ላሜራውን ዳር ላይ የሚይዘው ቀለበት ደግሞ በስፕሪንግ የሚጫን ይሁን። አጥብቆ ካሰረው ይቀደዳል፣ ከላላ ይጨማደዳል። መሃሉን የምታገኘው በሙከራ ነው።

ፕሬስህ በቂ ነው። የክዳኑ ስፋት 0.12 ካሬ ሜትር ነው። 10 ባር ግፊት ለማግኘት 12 ቶን ያስፈልጋል። 20 ቶን 16 ባር ገደማ ይሰጥሃል። ለዚህ ሥራ ከ10 እስከ 20 ባር ጥሩ ነው። በቫኩም ከረጢት (አየሩ ተመጥጦ በሚወጣበት ከረጢት) ብቻ እንስራው ያለህ ሰው ካለ ግን አዲስ አበባ ውስጥ መሆናችሁን አስታውሰው። ቫኩም የሚጫነው የአየሩን ግፊት ያህል ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያ 0.75 ባር አካባቢ ነው። ከባህር ወለል አጠገብ ለሚሰራ ሰው የተጻፈ መመሪያ እዚህ ሩብ ያህል ይጎድልበታል።

ጠርዙ የሚላቀቀው በግፊት ጉድለት ብቻ አይመስለኝም። ፖሊፕሮፒሊን በባሕርይው ከብረት ጋር አይጣበቅም። ቀልጦ ቢጫንበትም ሲቀዘቅዝ እንደ ልጣጭ ይነሳል። በመሃላቸው ማሌይክ አንሃይድራይድ የተባለ ኬሚካል የተጨመረበት የፖሊፕሮፒሊን ፊልም መኖር አለበት። ስስ ነው፣ 0.05 ወይም 0.1 ሚሊሜትር። ፕላስቲክ የሚያስመጡ ሰዎችን በዚሁ ስሙ ጠይቃቸው። አሉሚኒየሙን ደግሞ በአሴቶን ቅባቱን አስለቅቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፣ ከቻልክ በ5 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ለአጭር ጊዜ ንከረውና በብዙ ውሃ እጠበው። ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር ከቀረበት ጠርገህ አስወግደው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየም ሲነካ ሃይድሮጂን ያወጣል። ጓንትና መነጽር አድርግ፣ ከቤት ውጪ ስራ፣ እሳት አጠገብህ እንዳይኖር። መጽዳቱን የምታውቀው በውሃ ነው። ውሃ ስታፈስበት ሳይቆራረጥ እንደ ስስ ፊልም ከተዘረጋ ንጹህ ነው። ጠብታ ጠብታ ከሆነ ቅባት አለበት፣ መልሰህ እጠበው። ከዚያ በኋላ በእጅህ አትንካው፣ በዚያው ቀን አጣብቀው።

መጣመሙ ከቅዝቃዜ የሚመጣ ነው። አሉሚኒየም 50 ሴንቲሜትር ርዝመት ላይ ከ130 ወደ 25 ዲግሪ ሲወርድ 1.2 ሚሊሜትር ይኮማተራል። የመስታወት ክር ለብቻው ቢሆን 0.26 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚኮማተረው። ሁለቱ ተጣብቀው ሲቀዘቅዙ ይጓተታሉ። ያንተ አደራረብ ከመሃሉ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ስለሆነ ጉተታው ይመጣጠናል። ይህን ሚዛን አታፍርስ። ክብደት ለመቀነስ ብለህ አንዱን አሉሚኒየም ብትተወው ክዳኑ ይጎብጣል፣ ምንም ብታደርግ አይቃናም። አሁን የሚጣመምብህ አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ ስለቀዘቀዘ፣ ወይም ገና ትኩስ ሳለ ከሞልዱ ስላወጣኸው ይመስለኛል። የጨርቁ ክር ከክዳኑ ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆኑንም አረጋግጥ፤ ትንሽ ሰያፍ ከሆነ መጠምዘዝ ያመጣል።

የግድግዳው አንግል ብቻ ጥቂት ዲግሪ ቢሳሳት አትጨነቅ። ብረቱ ሲለቀቅ ወደ ውጪ መመለስ ይፈልጋል፣ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይስባል። የትኛው እንደሚያሸንፍ በውፍረታቸው ይወሰናል። የመጀመሪያውን ጥሩ ክዳን ለካና ሞልዱን በዚያው ልክ በተቃራኒው አስተካክል።

ይህ ሁሉ ድካም ዋጋ አለው ወይ ብትለኝ፣ አለው። ያንተ ንብርብር በካሬ ሜትር 4.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 1 ሚሊሜትር የብረት ላሜራ 7.85 ኪሎ ነው። ሳይታጠፍ በመቆም ደግሞ ያንተ ከሁለት እጥፍ በላይ ይበልጣል፣ ምክንያቱም አሉሚኒየሙ ከመሃል ርቆ ዳርና ዳር ላይ ነው የተቀመጠው። ካርቦን ፋይበር ግን አታስገባበት። እርጥበት ባለበት አሉሚኒየምን ሲነካ ዝገት ያፋጥንበታል።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ባልፍ ግን አይቀለኝም፤ ይህ የባትሪ ክዳን ነው። ፖሊፕሮፒሊን ይቃጠላል፣ ሲቀልጥም እሳት እያንጠባጠበ ነው። አሉሚኒየም የተሸፈነ ፕላስቲክ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለንደን ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017 ግሬንፌል ታወር ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞቱ። እሳቱ በህንጻው ውጪ እንዲያ የተዛመተው በዋናነት መሃሉ ፖሊኢትሊን በሆነ የአሉሚኒየም ሽፋን ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የህንጻ ፊት የምንሸፍንበት ፓኔልም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ መሃሉ ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ መገዛት የለበትም። አንተም እሳት መከላከያ የተጨመረበት ፖሊፕሮፒሊን ግዛ። የተቆረጠው ጠርዝ ራቁቱን እንዳይቀር አሉሚኒየሙን ወደ ውስጥ አጥፈህ ሸፍነው። የክዳኑን ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ልበጠው፤ አሉሚኒየም የባትሪ ጫፎች ላይ ቢወድቅ ሾርት ያደርጋል። ባትሪው ሲግል የሚያወጣው ጋዝ መውጫ ቀዳዳም ይኑረው። ሰው ላይ ከመግጠምህ በፊት የክዳኑን ቁራጭ ሜዳ ላይ አቃጥለህ እየው። እሳቱን ካነሳህ በኋላ መቃጠሉን ከቀጠለ ያንን ፕላስቲክ አትጠቀም።

ነገ ሥራ ስትገባ ሞልዱን አትንካው። በ2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ጥቂት ቁራጮች ቆርጠህ፣ አንዳንዱን በፊልሙ፣ አንዳንዱን ያለ ፊልም አጣብቅ። ሲቀዘቅዝ በፒንሳ ግለጠው። አሉሚኒየሙ ላይ ፕላስቲክ ተቀድዶ ከቀረ ማጣበቁ ተሳክቷል፣ ወደ ሞልዱ ሂድ። ባዶ ብረት ከታየህ ወደ እጥበቱ ተመለስ።